የተደጋገመ ቁስል፦ ከላስታ ዓይን እስከ ማህፀን ቱቦ

የዓይን ማዝ (ትራኮማ) ለሙጃ ከተማም ሆነ ለላስታ ደጋ እንግዳ በሽታ አይደለም። ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ብሌን ሲቧጭር በወረንጦ መንቀል የቆየ ዘዴ ነው። ብዙ የማይነገረው ግን በሽታውን የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለው ባክቴሪያ ሌላ ዝርያው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ተላልፎ የማህፀን ቱቦን እንደሚያቆስል ነው። የዓይኑ ጠባሳ ይታያል፤ የቱቦው አይታይም። አብዛኞቹ ሴቶች ምልክት ስለማይኖራቸው ነገሩ የሚገለጠው ልጅ ሲታጣ ወይም ጽንስ ከማህፀን ውጭ ሲያዝ ነው። ከሴት ቱቦ በየሳምንቱ ናሙና መቁረጥ አይቻልምና ተመራማሪዎች ወደ እንስሳት ዞሩ።

በብዛት የተመረጠችው አይጥ ናት። መጀመሪያ ዴፖ ትወጋለች፤ በጤና ኬላ ለወሊድ መከላከያ የሚሰጠው ያው መርፌ ነው። የመራቢያ ዑደቷ ሲገታ ባክቴሪያው በቀላሉ ይይዛታል። (ይህ የቤተ ሙከራ ዘዴ ነው፤ መርፌውን የምትወስድ እናት ከዚህ ተነስታ አትስጋ።) የሰው ክላሚዲያ በብልቷ በኩል ቢሰጣት ቶሎ ስለሚጠፋ የአይጦቹን፣ ሙሪዳረም የሚባለውን ይሰጧታል። ቱቦዋ ውኃ ቋጥሮ ያብጣል፤ ባክቴሪያውን ግን በአራት ሳምንት ገደማ ታስወግዳለች። ሙግቴ እዚህ ላይ ነው፤ በወር የሚያልፍ ሕመም ለዓመታት የሚመላለሰውን ብግነት ሊወክል አይችልም። የተመራማሪዋ ዶሮቲ ፓተን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጥናት የማካክ ጦጣዎች ቱቦ የተዘጋው ኢንፌክሽኑ ሲደጋገምባቸው ነው። ዓይንም የሚጠፋው በመደጋገም ነው። ድግግሞሹን መስበር ምን ያህል እንደሚከብድ ደግሞ የላስታ ጎረቤት ዋግ ኽምራ አሳይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በ40 መንደሮች በተደረገው ሙከራ የውኃና የንጽህና ሥራ ብቻውን የዓይን ክላሚዲያን አልቀነሰም።

«ዓይን ሌላ፣ ቱቦ ሌላ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የባክቴሪያው ዝርያም ይለያያል። ጠባሳውን ግን በሁለቱም ቦታ የሚያከማቸው ተመላልሶ መያዝ ነው። ጦጣ ውድ ናት፣ ስቃይዋም ያሳስባል ለሚለውም መልስ አለ፤ ጊኒ ፒግ ዑደቷ 16 ቀን ገደማ ነው፣ የራሷ ክላሚዲያም ከወንዱ በግንኙነት ይተላለፍባታል። አይጥ ትቅር አላልኩም፤ ክትባት ሲመዘን የመጨረሻዋ ዳኛ አትሁን ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱ የወጣው የመጀመሪያው የብልት ክላሚዲያ ክትባት ሙከራ በ35 ሴቶች ላይ ደኅንነቱንና የመከላከል አቅም መቀስቀሱን አሳየ እንጂ ከበሽታው ማዳኑን ገና አልፈተነም። አንዴ በተያዘች አይጥ ብቻ የተመዘነ ክትባት ባሏ ሳይታከም ለቀረባት ሴት ምን እንደሚያደርግ አይናገርም። ክትባቱ እስኪደርስ ሚስት ስትታከም ባልም አብሮ ይታከም።