ስለ ጎጆ መብራትና ስለ ፀሐይ ኃይል

በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ጧት ጧት የሚያልፍ ሰው ልብ ብሎ ቢያይ፥ ወደ ገጠር ከሚወጡት መኪናዎች ጣሪያ ላይ ከፍራሽና ከጆንያ መካከል በብርድ ልብስ የተጠቀለለ አንድ ጠፍጣፋ መስተዋት መሰል ዕቃ ማየቱ አይቀርም። ይህ ዕቃ ሕዝባችን በአጭሩ «ሶላር» ብሎ የሚጠራው ነው። ባለቤቱ ጥጃ ሸጦ ወይም የቡናውን ገንዘብ አጠራቅሞ የገዛው ስለሆነ፥ ሾፌሩ በጉድጓድ ላይ ባለፈ ቁጥር ልቡ ይመታል።

ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ኃይሉ 5,150 ሜጋዋት ነው። ሆኖም ሽቦው ከአውራው መንገድ ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ወዳለው ጎጆ እስካልደረሰ ድረስ፥ ለዚያ ጎጆ ጨለማው ያው ጨለማ ነው። መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ማዳረሻ ዕቅድ፥ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ ሕዝቡን ሁሉ ባለመብራት ለማድረግ ሲያልም፥ ከመቶው 35 እጁ ከዋናው መሥመር ውጭ እንዲያገኝ አስቦ ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ኩራዙ ግን ገና ከብዙ ቤት አልወጣም። እንግዲህ የገጠሩ ሰው በራሱ ገንዘብ ፀሐይን ለማጥመድ ቢነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያሳዝነው ግን ብዙው ዕቃ ዓመት ሳይሞላው ደንግዞ፥ ፓኔሉ በጣሪያ ላይ ጌጥ ሆኖ መቅረቱ ነው።

የአርትስ ተማሪ ስለ ሽቦ ምን አግብቶት ይጽፋል የሚል የኢንጂነሪንግ ወዳጅ አይጠፋም። ነገሩ የሚጠይቀው ሒሳብ መደመር፥ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ስለሆነ እኛም እንችለዋለን።

ፓኔሉ ራሱ ብዙ የሚያከራክር ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ ሊቃውንት ከሲሊኮን የሠሩት የመጀመሪያው ጠቃሚ የፀሐይ ሴል ከሚያርፍበት ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ በሱቅ የሚሸጠው ጥሩ ፓኔል ከመቶ 20 ያልፋል። የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፥ ነዳጅ አይጠጣም፥ ካልተሰበረ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል። ችግሩ ያለው ከፓኔሉ በታች ነው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ፓኔል ይገዛና ከዚያ በኋላ ምን ላብራበት ይላል። ይህ በቅሎ ሳይኖር ኮርቻ እንደ መግዛት ነው። አስቀድሞ የሚቆጠረው የቤቱ ፍላጎት ነው። ለምሳሌ አንዲት ጎጆ ሦስት ባለ 5 ዋት አምፖሎችን ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ አምስት ሰዓት ታበራለች እንበል። 75 ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለ 5 ዋት ሬዲዮ በቀን አራት ሰዓት ቢናገር 20፥ ሁለት ስልክ ሲሞላ ደግሞ 20 ያህል። ጠቅላላው 115 ዋት ሰዓት ነው። ባትሪውም ሽቦውም የየራሳቸውን ቀረጥ ስለሚወስዱ 150 ብለን እንያዘው።

ፀሐይ በሰማይ 12 ሰዓት ትቆያለች፤ የጧትና የማታዋ ግን ሰያፍና ደካማ ናት። ሁሉ ቢደመር በአገራችን ብዙ ቦታ ከአምስት ሰዓት ያህል የቀትር ፀሐይ ጋራ ይተካከላል። በሐምሌና በነሐሴ ደመና አራት ብሎ ማሰብ ይበልጣል። 150ን ለ4 ብናካፍል 38 ዋት ገደማ ይመጣል፤ ስለዚህ ባለ 50 ዋት ፓኔል ለዚህች ጎጆ በቂ ነው። እዚህ ላይ «ምጣድስ?» የሚል ጥያቄ ከእናቶች መነሣቱ አይቀርም። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ያህል ይፈልጋል። አንድ ሰዓት ቢጋገርበት የዚህችን ጎጆ የሠላሳ ቀን መብራት፥ ሬዲዮና ስልክ በአንድ ጊዜ ይበላል። ሻጩ «ሁሉንም ይችላል» ቢል እንኳ፥ ይህን ስሌት በፊቱ ማስላት ነው።

አሁን ወደ ባትሪው እንምጣ። ፀሐይ ሁለት ቀን ብትጠፋ ጎጆዋ እንዳትጨልም 230 ዋት ሰዓት መቀመጥ አለበት። ነገር ግን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ከግማሹ በላይ ሲራገፍ ይጎዳል። ባዶውን ውሎ ሲያድር በውስጡ ባሉት የእርሳስ ሠሌዳዎች ላይ ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ይጋግርበታል፤ ከዚያም ቢሞሉት አይሞላም። ስለዚህ እጥፉ 460 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ለ12 ቮልት ሲካፈል ወደ 40 አምፔር ሰዓት ይጠጋል። የሊቲየም ባትሪ ከመቶ 80 እጁን ሳይጎዳ ስለሚሰጥ 25 አምፔር ሰዓት ይበቃል፤ ዋጋው ከፍ ይላል፥ ዕድሜው ግን ይካካሳል። አሮጌ የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው ተብሎ የሚገዛው ለሞተር ማስነሻ የተሠራ ነው። ሠሌዳዎቹ ቀጫጭን ናቸው፥ ለቅጽበት ብዙ ጉልበት ይሰጣሉ እንጂ ሌሊቱን ሙሉ እየተንጠባጠቡ መራገፍን አይችሉም።

በፓኔሉና በባትሪው መካከል ተቆጣጣሪ የሚባል ትንሽ ሳጥን አለ። ባትሪው ሲሞላ ከፓኔሉ የሚመጣውን ይገታል፥ ሊራገፍ ሲል ደግሞ መብራቱን ያጠፋል። ትልቁ ጥፋት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ማታ በሦስት ሰዓት መብራቱ ድርግም ሲል ቤተሰቡ ሳጥኑ ተበላሸ ብሎ ያስባል፤ ጎረምሳው ተነሥቶ የአምፖሉን ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ላይ ያስራል። መብራቱ ይበራል፤ ጎረምሳውም ይመሰገናል። ባትሪው ግን በየሌሊቱ እስከ ጭላጩ እየተሟጠጠ በጥቂት ወራት ይሞታል። ሳጥኑ መብራቱን ያጠፋው ባትሪውን ለማዳን መሆኑን አንድ ሰው በቋንቋቸው ነግሯቸው ቢሆን ይህ ባልሆነ ነበር።

ስለ አተካከሉ ጥቂት እንበል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ የቀትሯ ፀሐይ በክረምት ወደ ሰሜን፥ በበጋ ወደ ደቡብ ታጋድላለች። ስለዚህ ለአውሮፓ በተጻፈ መመሪያ ላይ እንደሚታየው ፓኔሉን ማቆም ስሕተት ነው፤ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ዘንበል ቢል ዝናቡ አቧራውን እያጠበ ይወርዳል። ከቆርቆሮው ጋር አለማጣበቅ ነው፤ በሥሩ ነፋስ ካላለፈ ይግላል፥ ሲግልም ኃይሉ ይቀንሳል። የአንድ የእንሰት ቅጠል ጥላ በአንዱ ጥግ ቢያርፍ የሚቀንሰው ያንን ጥግ ብቻ አይደለም፤ ሴሎቹ በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ የፓኔሉ ኃይል አብሮ ይወድቃል። ሲያያይዙ ባትሪው ከተቆጣጣሪው ጋራ ይቀድማል፥ ፓኔሉ ይከተላል፥ አምፖሎቹ በመጨረሻ ይመጣሉ፤ ሲፈቱ ግልባጩ ነው። ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ። የአሲዱ ባትሪ ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ ስለሚያወጣ ከምድጃና ከልጆች መኝታ ይራቅ።

ይህ ሁሉ በአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 በማዕከላዊ ኢትዮጵያ በአንድ መንደር 10.5 ኪሎዋት የፀሐይ ጣቢያ ተተክሎ ለ300 ቤቶች መብራት ሰጥቶ ነበር፤ በ1989 ደግሞ ለውኃ ፓምፕና ለወፍጮ እንዲበቃ ወደ 30 ኪሎዋት አድጓል። የመጀመሪያውን ለቤት ብናካፍለው 35 ዋት ይደርሳል፤ ከላይ ካሰላነው ብዙ አይርቅም። ከሃያ ዓመት በኋላ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ሬማ በምትባለው መንደር አንድ የጀርመን ድርጅት በየቤቱ ትንንሽ ሶላር አስገባ። እኔ ከሁሉ የምወድለት ፓኔሉን አይደለም፤ እዚያው ጠጋኞችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት መክፈቱንና ነዋሪው ለጥገና የሚሆን ገንዘብ እንዲያዋጣ ማድረጉን ነው። ባትሪ በጥሩ አያያዝ እንኳ ከፓኔሉ ቀድሞ ያልቃልና፥ ብቻዋን የቆመች ጎጆም የሚቀጥለውን ባትሪ ዋጋ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በዕቁብ ማጠራቀም ይኖርባታል፤ በፊት ለላምባ ይወጣ የነበረውን ሳንቲም ወደዚያ ማዞር ነው።