የቀድሞው የቶፖግራፊ ካርታ ለደምበጫና አካባቢው ምን ይነግረናል?

ድሬዳዋን የባቡር ሐዲድ ከተማ እንዳደረጋት ሁሉ፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዕድገትም ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ትልቅ ድርሻ አለው። ከተማ በመንገድ ዳር ሲሰፋ ማሳውን፣ የግጦሽ መሬቱንና የውኃ መውረጃውን ይሸፍናል። መሬቱ ቀድሞ ምን ይመስል እንደነበር ከሚያሳዩ ሰነዶች አንዱ የቶፖግራፊ ካርታ ነው።

ኢትዮጵያና አሜሪካ የዓባይን ተፋሰስ በጋራ ባጠኑበት ወቅት ሰፊ የቅየሳ ሥራ ተከናውኗል፤ የጥናቱ ሪፖርትም እ.ኤ.አ. በ1964 ወጥቷል። ከአውሮፕላን በተነሡ ፎቶግራፎችና በመሬት ላይ በተለኩ ነጥቦች መነሻነት በ1፡50,000 መስፈርት የተዘጋጁ ካርታዎችም በየጊዜው ታትመዋል። ዛሬ የካርታ ሥራውን የሚመራው የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ነው።

በዚህ መስፈርት በካርታው ላይ ያለ 1 ሳንቲ ሜትር በመሬት ላይ 500 ሜትር ይሆናል። ቡናማዎቹ መስመሮች እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛሉ። ሲቀራረቡ ቦታው ዳገት ወይም ገደል፣ ሲራራቁ ደግሞ ሜዳ ነው። መስመሮቹ ታጥፈው ጫፋቸው ወደ ከፍታው ካመለከተ፣ ሥፍራው ሸለቆ ነው። በበጋ ደረቅ ቢመስልም፣ የክረምት ጎርፍ የሚወርደው በዚያ ነው። ስለዚህ ቤት ከመሥራት ወይም እርከን ከመቀየስ በፊት ይህን መመልከት ከጉዳት ያድናል።

ይሁን እንጂ ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ የቀድሞዎቹ ካርታዎች የተመሠረቱት አዲንዳን በተባለ የቅየሳ ነጥብ ላይ ነው። በዘመናዊ ስልክ የተወሰደ የጂፒኤስ ልኬት ሳይስተካከል በካርታው ላይ ቢቀመጥ፣ ቦታው 200 ሜትር ያህል ይዛነፋል፤ ይህም ከወንዝ ወዲህ ያለውን ማሳ ወዲያ ማዶ ሊያደርገው ይችላል። ሁለተኛ፣ ካርታው የማሳ ወሰን አያሳይም። በላዩ ያለ 1 ሚሊ ሜትር መሬት ላይ 50 ሜትር ስለሆነ፣ የድንበር ክርክር ሊፈታ አይችልም። ለዚህ የሚያገለግለው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተርና የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገብ ነው።

ካርታውን የሚያነብ ሰው በቅድሚያ በኅዳጉ ላይ ያለውን የፎቶግራፍና የኅትመት ዓመት ይመልከት፤ ሁለቱ ሊለያዩ ይችላሉና። ከዚያም የወንዞችንና የቦታዎችን ስም ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር ቢያመሳክር፣ የጠፋ ምንጭና የተዘነጋ ጅረት ሊያገኝ ይችላል።