የእህል መኪና ሸራ አስተሳሰርና አቀማመጥ

ለፕሮጀክት ሥራ የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ዝርዝር ወደ ምእመናን በተላከ ቁጥር «እህሉንስ አወቅነው፤ ሸራና ገመድ ግን ይህን ያህል ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ይደርሰናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ለሚሰጡት ብቻ ሳይሆን በየጣቢያው ዕቃ ለሚረከቡ ሠራተኞች ጭምር ስለሚጠቅም፣ በመኪናና በተሳቢ ላይ ስለሚለበሰው ሸራ ጥቂት ማብራራት ወደናል።

ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ በባሕር ተጭኖ የሚመጣው የዕርዳታ እህል በአብዛኛው የሚራገፈው በጅቡቲ ወደብ ነው። መኪናው ጋላፊን አልፎ የአፋርን ቆላ ያቋርጣል፤ ወደ ወሎ የሚሄደው ሚሌ ላይ ታጥፎ በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጣል። በዚህ ጉዞ ላይ ያው ጭነት ቀን በሐሩር ሲጋገር ውሎ ሌሊት ደጋ ላይ ያድራል። ወቅቱ ክረምት ከሆነ ዝናቡም ይጨመርበታል። የሚያሳዝነው ደግሞ በብዙው የደጋ አገር ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ አልቆ ቤተሰብ የሚቸገረው፣ የዕርዳታ መኪናም በብዛት የሚፈለገው በዚሁ በዝናቡ ወራት መሆኑ ነው።

አንድ መኪና ከነተሳቢው 400 ኩንታል ያህል ይጭናል። በሸራው ቀዳዳ ውሃ ገብቶ ከላይኛው ረድፍ ባለ 50 ኪሎ 20 ጆንያ ቢበላሽ የጠፋው 1,000 ኪሎ ነው። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ በሚታደልበት ስሌት ይህ የ66 ሰዎች የወር ቀለብ ነው። የራሰውን አስጥቶ ማደል ይቻላል ብሎ የሚያስብ ካለ ይጠንቀቅ። ርጥበት የገባበት እህል፣ በተለይም በቆሎ፣ ሲሻግት አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊፈጠርበት ይችላል። ፀሐይ ሻጋታውን ቢያደርቀውም መርዙን አያጠፋውም፤ መቀቀልና መጋገርም እንዲሁ። ስለዚህ የራሰ ጆንያ ተለይቶ ይቀመጣል እንጂ ከደረቁ ጋር አይቀላቀልም።

እኛ እንዳየነው ሸራ መሐል ለመሐል የሚቀደደው ጥቂት ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ጠርዙ፣ ቀለበቱና እጥፋቱ ነው። ይኸውም ጥፋቱ የሚመጣው ከዝናቡ ሳይሆን ከአስተሳሰሩና ከአቀማመጡ ነው ማለት ነው።

አለባበሱ የሚጀምረው ገና ሲጫን ነው። ጭነቱ ከላይ ጠፍጣፋ ከሆነ ውሃው መሐል ላይ ይቋጥርና በክብደቱ ሸራውን ያረግበዋል። የመሐሉ ረድፍ በአንድ ጆንያ ከፍ ቢል ግን እንደ ቤት ጣራ ውሃው ወደ ሁለቱም ጎን ይወርዳል። አንድ ሸራ ካልበቃ የኋለኛው አስቀድሞ ይነጠፋል፤ የፊተኛው ከላዩ ቢያንስ አንድ ሜትር ተደርቦ ይለብሳል። መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ፣ መጋጠሚያው ወደ ኋላ የዞረ እንደሆነ ነፋሱ ራሱ ይጫነዋል፤ ወደ ፊት ከዞረ ግን ነፋሱም ዝናቡም በዚያው ይገባሉ። የማዕዘኖቹም እጥፋት እንደዚሁ ወደ ኋላ ይዙር። ጠርዙ ደግሞ ከስፖንዳው ውጭ ወደ ታች መውረድ አለበት። ወደ ውስጥ ከተሸጎጠ ውሃው ወደ ወለሉ ይወርድና የታችኛውን ጆንያ ያርሳል፤ ይህም እስኪራገፍ ድረስ አይታይም።

አራቱን ማዕዘን ብቻ አስሮ መንዳት የሸራ ጠላት ነው። ያልታሰረው ጠርዝ መንገዱን ሙሉ ሲርገበገብ ክሩ ይላላል፤ ቀለበቱም ይነቀላል። እያንዳንዱ ቀለበት ይታሰር፤ ከዚያም ገመድ ከጎን ወደ ጎን በመስቀልያ ከላይ ይለፍበት። የቃጫ ገመድ ሲርስ ያጥራል፤ አስቀድሞ እጅግ ከተወጠረ ቀለበቱን ይገነጥላል። የናይሎን ገመድ ግን ሲርስ ይለጠጣልና ይላላል። ስለሆነም ሾፌሩና ረዳቱ በየማረፊያው ገመዱን በእጃቸው ሊፈትሹት ይገባል። ስለታም የብረት ጠርዝ ባለበት ቦታ ያረጀ ጆንያ ወይም የውስጥ ጎማ ቁራጭ ከሥሩ ይደረግ። ቀለበቱ የተነቀለ እንደሆነ አዲስ ቀዳዳ መብሳት አያስፈልግም፤ ለስላሳ ጠጠር በሸራው ጠርዝ ጠቅልሎ ከጠጠሩ ኋላ አንገቱን በገመድ ማሰር ይበቃል። እረኛም የሚችለው ዘዴ ነው፤ ደግሞም ይይዛል።

ለመጠለያ የሚታደለውን ባለ 4 በ6 ሜትር ፕላስቲክ ለመኪና ማልበስ የሚቀናቸው ሠራተኞች አሉ። ቀላልና ቅርብ ስለሆነ ነው። ነገር ግን የተሠራው ለቆመ ጣራ እንጂ ለሚሮጥ መኪና አይደለምና በነፋስ ፈጥኖ ይቀደዳል፤ ለቤተሰብ የታሰበውም መጠለያ በመንገድ ላይ ይቀራል። በተጨማሪም ፕላስቲክ አየር ስለማያሳልፍ፣ ቆላ ላይ የሞቀው ጭነት ደጋ ላይ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ ያልበዋል፤ ጠብታውም በላይኛው ጆንያ ላይ ይወርዳል። የጥጥ ሸራ በመጠኑ ስለሚተነፍስ በዚህ ይሻላል። በማናቸውም ሸራ ቢሆን መኪናው ደርሶ ሰማዩ ከጠራ፣ ማራገፉ ቢዘገይ እንኳ ሸራውን ገልጦ ማናፈስ ይጠቅማል።

አሁን ወደ አቀማመጡ እንምጣ። የጥጥ ሸራ ርጥብ እንዳለ ከታጠፈ ይሻግታል፤ የሻገተ ክር ደግሞ መልኩ ደህና ቢመስልም ሲወጠር ይበጠሳል። ዝናብ ስለማያቆም ርጥቡን ማጠፍ ግድ ከሆነ በማግሥቱ መዘርጋት አለበት። ከመታጠፉ በፊት በሁለቱም ገጽ ይጠረግ፤ በእጥፋቱ ውስጥ የቀረ እህል አይጥ ይጠራልና። ሁልጊዜ በአንዱ መስመር ማጠፍ ያን መስመር ያሳሳዋል፤ ቢጠቀለል ይመረጣል። ከሲሚንቶ ወለል ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ ይቀመጥ። የፕላስቲኩ ዓይነት ባይበሰብስም ፀሐይ ያደርቀውና ያሰነጥቀዋል፤ ቦታው ጨለማ ይሁን። ከናፍጣና ከተባይ መድኃኒት መራቅ አለበት፤ መድኃኒት የነካው ሸራ ወደ እህል አይመለስም። እህል በጋዝ የሚታጠንበት ሸራ ካለ ፈጽሞ ለመኪና አይሰጥ፤ አንዲት የሚስማር ቀዳዳ ካገኘችው ጋዙን አይዝምና ለዋና ሥራው አይሆንም።

በውጭ አገር ያሉ ወገኖች ያገለገለ ሸራና ድንኳን መላክ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁናል። ከመላኩ በፊት ወደ ፀሐይ ወጥሮ መመልከት ነው። ቀዳዳው ጥቂት ከሆነ ይጣፋል፤ በእጅ ሲጎተት ከተቀደደ ግን ለጭነቱ የሚከፈለው ገንዘብ ይባክናል። ገመዱን በየአካባቢው ገበያ ስለምናገኘው፣ ከሩቅ ከሚላክ ይልቅ መግዣው ቢላክልን ይሻላል።