ክቡ ወረቀትና የቆየው መኪና፦ የግብር ማሳያ ግዴታ በካሜራ ፊት



ለዛሬው ገለጻዬ የመረጥሁት ከመዳፍ ያነሰ አንድ ክብ ወረቀት ነው። እኛ «ቦሎ» የምንለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቃሉን ከጣሊያንኛ ወስደን፣ ዓመታዊ ምርመራ ያለፈ መኪና በፊት መስተዋቱ ላይ ለሚለጠፍለት ምልክት ሰጥተነዋል። የብሪታንያው ክብ ወረቀት የዚሁ ዘመድ ነው፤ ይመሰክር የነበረው ግን ስለ መኪናው ደኅንነት ሳይሆን ግብሩ ስለ መከፈሉ ነበር። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ሥርዓቱ ከጥር 1 ቀን 1921 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በኋላ የተሽከርካሪ ግብርና ምዝገባን የሚመለከተው የ1994ቱ ሕግ በአንቀጽ 33 እንደደነገገው፣ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚነዳም ሆነ ቆሞ የሚገኝ ተሽከርካሪ ወረቀቱን ማሳየት ነበረበት። እዚህ ላይ የሕግ ተማሪ ቆም ብሎ ሊያስብ ይገባል፦ መክፈልና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ግዴታዎች ነበሩ። ግብሩን አሟልቶ የከፈለ ሰው እንኳ ወረቀቱን በመሳቢያው ቢያስቀምጥ እስከ 200 ፓውንድ ሊቀጣ ይችል ነበር።

የዚህ ልዩነት እንግዳ ፍሬ የሚታየው በቆዩ መኪኖች ላይ ነው። ከ1973 በፊት የተሠሩ መኪኖች ከግብሩ ነፃ ተደርገው ነበር፤ ሆኖም ባለቤቱ በየዓመቱ አመልክቶ፣ ምንም ያልተከፈለበትን ወረቀት ተቀብሎ ይለጥፍ ነበር። ያልከፈለው ገንዘብ ማስረጃ አለው ማለት ነው!

አሁን ካሜራውን እናምጣ። «ኢንስፔክተር ሞርስ» በተሰኘው ድራማ መርማሪው የሚነዳው ቀይ ጃጓር ማርክ 2 አሮጌ ነው፤ ታሪኩ ግን የሚፈጸመው ድራማው በተቀረጸበት ዘመን ስለሆነ የወቅቱ ወረቀት መታየቱ ትክክል ነው። ከ1992 ጀምሮ የታየው «ሃርትቢት» ግን በዮርክሻየር በ1960ዎቹ የሚፈጸም ታሪክ ነው። በዚያ መስተዋት ላይ የ1990ዎቹ ወረቀት ከታየ ተመልካቹ ከታሪኩ ይወጣል፤ ወረቀቱ ተነሥቶ መኪናው በሕዝብ መንገድ ከተነዳ ደግሞ ሕጉ ይጣሳል። ሕግ ዛሬን አሳይ ይላል፤ ታሪኩ ትናንትን ይፈልጋል።

መውጫው ምንድን ነው? ግዴታው የሕዝብ መንገድን ብቻ ስለሚመለከት በግል ይዞታ ውስጥ መቅረጽ አንዱ ነው። የካሜራውን ማዕዘን መለወጥ ሌላው ነው። የ1960ዎቹን ወረቀት አስመስሎ ሠርቶ መለጠፍስ? ሕጉ በተለይ የሚቀጣው ለማታለል ሲባል የተሠራን ወይም የተለወጠን ወረቀት ነው። በእኔ አስተያየት ለትዕይንት ብቻ የተዘጋጀ፣ ማንንም መኮንን ለማሳሳት ያልታሰበ ወረቀት በዚያ ድንጋጌ ሥር አይወድቅም። ነገር ግን የእውነተኛውን ቦታ ከያዘ የማሳየት ግዴታው እንደ ተጣሰ ይቀራል። ሁለቱን ጥፋቶች የሚያደባልቅ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ አይቻለሁና አጥብቄ እናገራለሁ።

ጥቅምት 1 ቀን 2014 የማሳየት ግዴታው ተሻረ፤ ምዝገባው በኤሌክትሮኒክ ቋት ስለሚጣራ ወረቀቱ አላስፈለገም። ግብሩ ራሱ ግን አልቀረም። የሞርስን የወጣትነት ዘመን፣ ማለትም 1960ዎቹን፣ የሚያሳየው «ኤንዴቨር» ከዚህ ለውጥ በፊትም በኋላም ተቀርጿል፤ ከለውጡ ወዲህ የትዕይንት አዘጋጁ የዘመኑን ወረቀት መስተዋቱ ላይ ቢለጥፍ የሚነሣ እውነተኛ ወረቀት የለም።

ለታሪክ ተማሪዎች ግን አንድ ነገር ጎድሏል። በወረቀቱ ላይ የአገልግሎቱ ማብቂያ ወርና ዓመት ታትሞ ስለነበር፣ ቀን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ መቼ እንደ ተነሣ ለመገመት ይረዳ ነበር። እኔ ራሴ የቆየ ፊልም ስመለከት ከተዋናዩ በፊት መስተዋቱን አያለሁ፤ ባለቤቴ በዚህ ተማርራለች። ችግሩ አሁን ተገልብጧል፦ በ2005 የሚፈጸም ድራማ ዛሬ የሚቀርጽ ሰው፣ ስሕተቱ የሚታወቀው ወረቀቱን ባለመለጠፉ ይሆናል።