አማርኛው ለምን ጥያቄ ምልክት ሆነ? ስለ አክሰስ ኤክስፖርት ተረትና እውነታ

ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ በማይክሮሶፍት አክሰስ የተሠራ አሮጌ መዝገብ አይጠፋም። ሠንጠረዡን ወደ ኤክሴል ወይም ወደ ሲኤስቪ ኤክስፖርት ማድረግ የግድ ሲሆን ስሕተቱ ይመጣል፤ ከስሕተቱ ጋር ደግሞ ማንም ያላጣራው ምክር።

«አማርኛው ጥያቄ ምልክት የሆነው ፎንት ስለሌለ ነው» ይባላል። ፎንት ሲጎድል የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው፤ ፎንቱ ሲጫን ጽሑፉ ይመለሳል። ጥያቄ ምልክት ግን የከፋ ነው። አክሰስ ወደ ሲኤስቪ ሲጽፍ፣ ሌላ ካልታዘዘ፣ ብዙውን ጊዜ የምዕራብ አውሮፓ ፊደላትን ብቻ የያዘውን 1252 የተባለ ኮድ ይጠቀማል። እዚያ ውስጥ «ሀ» የለችም፤ ስለዚህ በምትኩ ጥያቄ ምልክት ይጻፋል። ፋይሉ ላይ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ የትኛውም ፎንት አያድነውም። ዋናው መዝገብ ግን ደኅና ነውና እንደገና ማውጣት ነው፤ በኤክስፖርቱ መስኮት «አድቫንስድ»ን ከፍቶ ኮድ ፔጁን ወደ ዩቲኤፍ-8፣ ማለትም 65001፣ መቀየር።

ይህን ያደረገ ሰው ፋይሉን በደብል ክሊክ ኤክሴል ላይ ሲከፍተው ሌላ ጉድ ሊያይ ይችላል፦ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየመሐሉ እየተደጋገመች የተዘበራረቀ ምልክት። ብዙዎች እዚህ ላይ «አሁንም ተበላሸ» ብለው ፋይሉን ያጠፉታል። አልተበላሸም። በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ለሁሉም የአማርኛ ፊደላት አንድ ነው፣ ኤክሴል በአሮጌው ኮድ ሲያነበው ያቺን «ኤ» ይሆናል። ፋይሉን ኖትፓድ ላይ ክፈቱት፤ አማርኛው እዚያ ከተነበበ በኤክሴል «ዳታ» ሜኑ በኩል አስገብቶ 65001ን መምረጥ ይበቃል።

በዕድሜ የገፉ መዝገቦች ሦስተኛ ጣጣ አላቸው። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች በላቲን ኮድ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ያለበሱ ነበሩ። ሲኤስቪ ዳታውን እንጂ ፎንቱን ይዞ ስለማይወጣ ልብሱ ይወልቃል። ይህን ፎንቱን የሚያውቅ መለወጫ ብቻ ነው የሚፈታው።

«ኤክስፖርቱ የስልክ ቁጥሩን መነሻ ዜሮ በላው» የሚለውም ክስ አድራሻውን ስቷል። ዓምዱ አክሰስ ላይ ጽሑፍ ከነበረ ዜሮው ሲኤስቪው ውስጥ አለ፤ የጣለው ቁጥር መስሎት የከፈተው ኤክሴል ነው። ከ15 አሃዝ በላይ የሆነ መለያ ቁጥር ሲገጥመው ደግሞ ትርፎቹን አሃዞች ዜሮ ያደርጋቸዋል። እንዲህ ተከፍቶ «ሴቭ» ከተደረገ ግን ነገሩ ያከትማል፤ ስለዚህ ሲያስገቡ ዓምዱን «ቴክስት» ማለት ይሻላል።

ሌላው ተረት፣ ማንኛውም የስሕተት መልእክት ሲመጣ «ሠንጠረዡ ተበላሽቷል፣ ኮምፓክት ኤንድ ሪፔር አድርገው» ማለት ነው። ይህ የአክሰስ መጠገኛ ትእዛዝ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን መድረሻው ፋይል ኤክሴል ላይ ክፍት ሆኖ ከተቀመጠ ምን ይጠግናል? ስሕተቱ ከረድፍ ብዛትም ሊመጣ ይችላል፤ አሮጌው የኤክሴል ፋይል ከ65,536 ረድፍ በላይ አይችልም፤ አዲሱ 1,048,576 ይይዛል። ለምሳሌ የሥራ ክፍል ስም በሚጠበቅበት ዓምድ ቁጥር ከወጣም ብልሽት አይደለም፤ ሠንጠረዡ ድሮም ያስቀመጠው መለያ ቁጥሩን ነው፣ ስሙ ያለው በሌላ ሠንጠረዥ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ኩዌሪ ሠርቶ እሱን ማውጣት ነው።

ስለ ቀን የሚሰማው ወቀሳ ግን ለእኛ ብቻ የተሰጠ ይመስላል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን በቀን ዓምድ ላይ 5/13/2016 ብሎ የጻፈ ሰው አክሰስ ሳያጉረመርም ይቀበለዋል፤ የሚያስቀምጠው ግን ሜይ 13 ቀን 2016 እ.ኤ.አ.ን ነው። ኤክስፖርቱ ላይ ሲታይ «ቀኑን አዛባው» ይባላል፤ የተዛባው ግን ጸሐፊው «ኢንተር»ን የተጫነ ጊዜ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ቀን፣ ወርና ዓመት ብሎ በሦስት የቁጥር ዓምዶች መያዝ ይህን ያስቀራል።