የአረጋውያን በሽተኞች አእምሮ በጊዜው ይመርመር

ሽምግልና የሚከበር ዕድሜ እንደ መሆኑ መጠን፤ ሕመም ሲጨመርበት የሚደረገው ጥንቃቄ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ሊበልጥ ይገባዋል። ስለዚህ ከብስራተ ገብርኤልም ሆነ ከሌላው የአዲስ አበባ ሠፈር አንድ አረጋዊ ታሞ ሆስፒታል በገባ ጊዜ፤ ትኩሳቱ ሲለካና ደሙ ሲመረመር የአእምሮው ሁኔታም አብሮ ሊጠየቅ የሚያስፈልግ ነው።

ትናንት ልጆቹን በየስማቸው ይጠራ የነበረ አባት፤ ዛሬ በአልጋው ላይ ሳለ ያለበትን ስፍራ ቢስት፤ ቀኑንና ሌሊቱን ቢያምታታ፤ የሌለ ሰው ቢያነጋግር፤ ዘመዶቹ «ዕድሜ ነው፤ ጃጅቷል» ብለው ሊያልፉት አይገባም። መጃጀት በዓመታት ቀስ እያለ የሚመጣ ሲሆን፤ ይህ ግን በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት የሚደርስ፤ አንድ ጊዜ የሚብስ አንድ ጊዜም የሚሻል፤ ሐኪሞች ዴሊሪየም የሚሉት የአእምሮ መታወክ ነው። የሚያስነሣውም የሳምባ ወይም የሽንት ቧንቧ ሕመም፤ የሰውነት ውሃ ማነስ፤ የሽንት መታገድ፤ የሆድ ድርቀት፤ እንቅልፍ ማጣት፤ አንዳንድ ጊዜም ራሱ መድኃኒቱ ስለሆነ፤ ምክንያቱ ተፈልጎ ሲታከም ብዙውን ጊዜ አእምሮ ይመለሳል። ይልቁንም የሚያታልለው የሚጮኸው ሳይሆን ጸጥ ብሎ የሚያንቀላፋው በሽተኛ ነው፤ «ተኝቷል፤ አትቀስቅሱት» ሲባል ሕመሙ ሳይታወቅ ይቀራልና።

አደጋው የሚያሰጋቸው ሰዎች አስቀድመው ሊታወቁ ይችላሉ። በ2010 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በእንግሊዝ አገር የወጣው የሕክምና መመሪያ፤ ዕድሜው 65 ዓመት የሞላውን፤ ከቀድሞ ጀምሮ መርሳት ያለበትን፤ የዳሌ አጥንቱ የተሰበረውንና ሕመሙ የጸናበትን በሽተኛ ለይቶ ያስቀምጣል። ምርመራውም ብዙ መሣሪያ አይፈልግም፤ ዕለቱን መጠየቅ፤ የዓመቱን ወራት ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ማስቈጠር፤ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በ1999 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ዶክተር ሻሮን ኢኖዬና ጓደኞቻቸው በአሜሪካ በ852 አረጋውያን ላይ ያደረጉት ጥናት የመከላከልን ጥቅም ገለጠ። በተለመደው አኳኋን ከታከሙት ከመቶው 15 ሲታወኩ፤ ውሃ እየጠጡ፤ እየተራመዱ፤ መነጽራቸውን እያደረጉ፤ በሌሊት ያለ ሁከት እየተኙ ከተጠበቁት ግን ከመቶው 10 ያህል ብቻ ታወኩ።

በዚያ ለዚህ ሥራ በጎ ፈቃደኞች ተሰማርተው ነበር። በእኛ አገር ግን አስታማሚ ከበሽተኛው አጠገብ የማይለይ መሆኑ ትልቅ ሀብት ነው። የአባቱን ጠባይ ከልጁ ይበልጥ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ነርሷ «ከትናንት ይልቅ ተለውጠዋል ወይ?» ብላ ልትጠይቀው፤ እርሱም ለውጡን እንዳየ ሳይዘገይ ሊነግራት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፤ በመግቢያው ቀን የተጠየቀ አንድ ጥያቄ ኋላ ከሚመጣው ብዙ መከራ ያድናል።