ነጩ ቤት እና አሸዋው

ስለ አንድ ዘፈን ላጫውታችሁ። ጆን ሄንሪ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ የትምህርት ቤት ልጅ ሳይቀር የሚያውቀው ነው፤ ታሪኩም በጥቂት ቃል ያልቃል። ጆን ሄንሪ ለባቡር መንገድ ተራራ የሚበሳ ጥቁር ሠራተኛ ነው። አለቃው በእንፋሎት የሚሠራ መሰርሰሪያ ያመጣበታል። እሱም መዶሻውን ይዞ ከማሽኑ ጋር ይወዳደራል፣ ይቀድመዋል፣ ከዚያም ወድቆ ይሞታል። ፊድሊን ጆን ካርሰን በ1924 በሸክላ ካስቀረጸው ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆኒ ካሽም ብሩስ ስፕሪንግስቲንም በየራሳቸው መንገድ ተጫውተውታል።

እኔን የያዘኝ ግን ብዙ ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ስንኝ ነው። ሟቹን ወደ ነጭ ቤት ወስደው አሸዋ ውስጥ እንደቀበሩት ይናገራል። በአጠገቡም ባቡር ያልፋል። ነጭ ቤት ምን ማለት ነው? ግራ የገባቸው ዘፋኞች ቃሉን በ“መቃብር ቦታ” ተክተውታል። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ጋይ ጆንሰን እና ሉዊስ ቻፔል የተባሉ ምሁራን አገር ለአገር እየዞሩ ሽማግሌዎችን ሲጠይቁ ከርመው፣ ውድድሩ የተደረገው ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ቢግ ቤንድ በሚባለው ዋሻ ነው ወደሚል ሐሳብ አዘነበሉ። የጆን ሄንሪ ሐውልትም የቆመው እዚያ ነው።

ከዚያ ስኮት ሬይኖልድስ ኔልሰን መጣ። በአሜሪካ የደቡብ ክፍለ ግዛቶች የነበሩ የባቡር መንገዶችን የሚያጠና የታሪክ ተመራማሪ ነው። አንድ ቀን በሪችመንድ ከተማ የነበረውን የቨርጂኒያ ወህኒ ቤት የሚያሳይ አሮጌ ፖስት ካርድ እያየ ሳለ ዓይኑ አንድ ነገር ላይ ተተከለ። በግቢው ውስጥ ትልቅ ነጭ ሕንፃ አለ። ከፊት ለፊቱ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቷል። ዘፈኑ ሲናገረው የኖረው ቤት ይኸው!

ኔልሰን ወደ መዝገብ ቤት ሮጠ። በወህኒ ቤቱ መዝገብ ላይ ጆን ዊሊያም ሄንሪ የሚባል እስረኛ አገኘ፤ ዕድሜው 19፣ ትውልዱ ኒው ጀርሲ፣ ኤልዛቤት ሲቲ። በ1866 ቤት ሰብሮ ሰርቋል ተብሎ 10 ዓመት ተፈረደበት። ቁመቱ አምስት ጫማ ከአንድ ኢንች እና ሩብ፣ በእኛ ልክ 1 ሜትር ከ55 ገደማ። በየሥዕሉ ላይ ግዙፍ ጀግና ሆኖ የምናየው ሰው አጭር ጎረምሳ ነበር ማለት ነው። ጣሪያው ዝቅ ባለ ዋሻ ውስጥ ግን ማጠር ይጠቅማል።

አንድ የወህኒ ቤት እስረኛ የባቡር ዋሻ ውስጥ ምን ያደርጋል? እዚህ ላይ ሕጉን ማየት ያስፈልጋል። በ1865 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 13ኛ ማሻሻያ ባርነትን ሲሽር አንድ በር ክፍት ትቷል፤ ሰው በወንጀል ከተፈረደበት በግዳጅ ሊሠራ ይችላል። የደቡብ ክፍለ ግዛቶች በዚያ በር ገቡ። ገና ነፃ የወጣውን ጥቁር በትንሽ በትልቁ እያሰሩ ለድርጅቶች ያከራዩት ጀመር። ቨርጂኒያም እስረኞቿን ለቼሳፒክ እና ኦሃዮ የባቡር ኩባንያ በቀን 25 ሳንቲም አከራየች። ውሉ አንድ አንቀጽ አለው፤ ኩባንያው ለማይመልሰው ለእያንዳንዱ እስረኛ 100 ዶላር ይቀጣል። አስቡት። ሰውየው ዋሻ ውስጥ ቢሞትም ሬሳውን በባቡር ጭኖ ወደ ሪችመንድ መመለስ ይረክሳል። ሟቹ ከተራራ ላይ ወርዶ እስከ ነጩ ቤት ለምን እንደተጓዘ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው።

ኔልሰን እንደሚለው እስረኞቹና የእንፋሎት መሰርሰሪያዎቹ ጎን ለጎን የሠሩት በቢግ ቤንድ ሳይሆን በሁለቱ ቨርጂኒያዎች ድንበር አጠገብ በሚገኘው ሉዊስ ዋሻ ነው። ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። አንዱ ረጅም የብረት መሮ ይዞ ይቀመጣል፤ ሌላው በከባድ መዶሻ ይመታል። በሁለት ምት መካከል ያዡ መሮውን ትንሽ ያዞራል፤ ካላዞረው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀረቀራል። ቀዳዳው ሲጠልቅ ባሩድ ይሞላና አለቱ ይፈነዳል። ይህ ሁሉ በኩራዝ ብርሃን ነው። ያዡ መዶሻው መቼ እንደሚወርድ የሚያውቀው በዘፈኑ ነው፤ ምት የሳተ እጁን ያጣል። በደቦ አጨዳ ላይ የዋለ ሰው ዜማ ጉልበትን እንዴት እንደሚያስተባብር ያውቃል። እዚያ ግን ዜማው የሰውን እጅ ጭምር ይጠብቅ ነበር።

ሳንባን ግን አልጠበቀም። አሁን ወደ ሕክምናው እንግባ። አለት ሲፈረከስ በውስጡ ያለው ሲሊካ በዓይን የማይታይ ብናኝ ሆኖ ይነሳል። ብናኙ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ አፍንጫና ጉሮሮ ሳይዙት ሳንባ መጨረሻ ድረስ ይዘልቃል። እዚያ ቆሻሻ የሚጠርጉ ሴሎች ይጠብቁታል። እንደ ማንኛውም ባዕድ ነገር ይውጡታል፤ ድንጋይ ነውና መፍጨት አይችሉም። ሴሉ ራሱ ይሞታል፣ ብናኙ ይለቀቃል፣ ሌላው ሴል መጥቶ ይውጠዋል፣ እሱም ይሞታል። በዚህ መሐል ሳንባው ይቆስላል፣ ጠባሳ ይሠራል፣ እየጠጠረ ይሄዳል። ሠራተኛው ከዋሻው ከወጣ በኋላ እንኳ ጠባሳው መስፋፋቱን ሊቀጥል ይችላል። በሽታው ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ የለውም። የተጎዳ ሳንባ ደግሞ ለሳንባ ነቀርሳ የተመቸ ነው። በ1870ዎቹ ኤክስሬይ ስላልነበረ ሐኪም ሁለቱን ለይቶ ማየት ይከብደው ነበር።

እንግዲህ የኔልሰን መደምደሚያ ይህ ነው። ጆን ሄንሪን የገደለው የውድድሩ ድካም አይደለም፤ እሱንም ሌሎች ብዙ እስረኞችንም የገደለው አቧራው ነው። የልጁ ስም ከመዝገቡ ሲጠፋ ተፈታም ሞተም አልተባለም። ነገር ግን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወህኒ ቤቱ ሲፈርስ፣ አሸዋ ውስጥ ያለ ምልክት የተቀበሩ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አጽም ወጣ።

ሁሉም ምሁር አልተስማማም። ጆን ጋርስት የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ጆን ሄንሪ የሞተው በ1887 አላባማ ውስጥ ነው ብሎ በብርቱ ተከራክሯል። እኔ ኔልሰን ያመጣው ማስረጃ ያሳምነኛል፤ ውሉ፣ ሕንፃው፣ ሐዲዱና አጽሙ ከአንድ ስንኝ ጋር በአጋጣሚ ይገጥማሉ ለማለት ይከብደኛል። ልጁ ሌላ ሰው ሆኖ ቢገኝ እንኳ ከአሸዋው የወጡት ሰዎች ተረት አይደሉም።

ነገሩ ከ60 ዓመት በኋላ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ተደገመ። በ1930 እና 1931 ሆክስ ኔስት የሚባል የውሃ መተላለፊያ ዋሻ ሲቆፈር አብዛኞቹ ሠራተኞች ጥቁሮች ነበሩ፤ አለቱም በሲሊካ የበለጸገ ነበር። ማርቲን ቸርኒያክ የተባለ ሐኪም በ1986 ባሳተመው ጥናት ቢያንስ 764 ሰው በሲሊኮሲስ እንደሞተ ገምቷል። በ1936 የአሜሪካ ምክር ቤት ጉዳዩን ሲመረምር፣ የብሉዝ ዘፋኙ ጆሽ ዋይት በዚያው ዓመት በሽታውን በስሙ የሚጠራ ዘፈን በሸክላ አወጣ። ከጆን ሄንሪ ጋር አስተያዩት፤ የፊተኞቹ የሚሞቱበትን በሽታ ስም አያውቁም ነበር፣ ስለዚህ የተቀበሩበትን ቦታ ዘፈኑ፤ የኋለኛው ስሙን አወቀና ዘፈነው።

በሽታው ዛሬም አለ። ለኩሽና ጠረጴዛ የሚሆነው ሰው ሠራሽ ድንጋይ ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ሊኖረው ይችላል፤ አውስትራሊያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ ከልክላዋለች። የእኛም ሰፈር ኮብልስቶን የሚጠርብ፣ ግራናይት በግራይንደር የሚቆርጥ ወጣት አያጣም። የምታውቁት ካለ ዛሬውኑ ንገሩት፤ ድንጋዩን በውሃ እያራሰ ይቁረጥ፣ ለደቃቅ ብናኝ የተሠራ ማስክም ያድርግ። አፍንጫ ላይ የሚጠመጠም ሻርፕ ያንን አቧራ አያስቀርም።